የኮናን ሰይፍና የሃያሲያን ንቀት

በረዶ ላይ አንዲት እናት ቆማለች። በአንድ እጇ ሰይፍ፣ በሌላው የትንሽ ልጇን እጅ ይዛለች። ከጀርባዋ መንደሩ ይነዳል፤ ባሏ ወድቋል። ወራሪዎቹን የሚመራው ሰው ይጠጋታል፤ የራስ ቁሩን ያወልቅና ዓይን ዓይኗን ያያታል። አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሴትዮዋ ክንድ እየላላ፣ ሰይፏ ቀስ በቀስ ወደ መሬት እያዘነበለ ይሄዳል። ሰውየው የበቃው መስሎ ፊቱን ያዞራል፤ ወዲያው ግን ተመልሶ በገዛ ባሏ ሰይፍ ይቀላታል። ካሜራው በደሙ ላይ አይቆይም። የሚቆየው ልጁ ላይ ነው፤ የእናቱ እጅ ከእጁ ሾልኮ ሲሄድ፣ ልጁም ባዶ የቀረ መዳፉን ሲያይ። ይህ «ኮናን ዘ ባርባሪያን» የተሰኘው ፊልም መክፈቻ ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በሜይ 1982 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ትዕይንት ካዩት የአገሩ ሃያሲያን ብዙዎቹ ፊልሙን የቂል ሥራ ብለው አሳለፉት። እኔ የምለው ሃያሲያኑ በፊልሙ ላይ ጨክነዋል አይደለም። የምለው ተቃራኒውን ነው፤ አልጨከኑበትም። መናቅ ከመተቸት ይቀላል፤ የተናቀ ሥራም ሊጠየቅ የሚገባውን ሳይጠየቅ ያልፋል።

ንቀቱ ከፊልሙ በፊት የነበረ፣ ከድርሰት ዘውጉ የወረሰው ነው። ኮናንን የፈጠረው በቴክሳስ ትንሽ ከተማ የኖረው ሮበርት ኢ. ሃዋርድ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርዩ መጀመሪያ የታተመው በ1932 በርካሽ ወረቀት በሚወጣ «ዊርድ ቴልስ» የተባለ መጽሔት ላይ ነው። ሃዋርድ በ1936፣ በ30 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን ሲያጠፋ ሥራዎቹን ከቁም ነገር የቆጠረ የሥነ ጽሑፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት «ሰይፍና አስማት» የሚለውን ስሙን እንኳ ያገኘው ዘግይቶ፣ በ1961 ከደራሲው ፍሪትዝ ላይበር ነው። ኮናንን ለአዲሱ ትውልድ ያስተዋወቁት ደግሞ በስድሳዎቹ በወጡት ርካሽ እትሞች ሽፋን ላይ ፍራንክ ፍራዜታ የሳላቸው ሥዕሎች ነበሩ። ጡንቻው የተገተረ ሰው፣ ደም የነካው ሰይፍ፣ እግሩ ሥር የተንበረከከች ሴት። መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው በሽፋኑ ፈረደ፤ ፊልሙም ሲመጣ ያው ፍርድ ቀድሞት ሲኒማ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።

ተዋናዮቹም ለንቀቱ አመቺ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ያኔ የሚታወቀው በሰውነት ግንባታ ውድድር ነው፤ እንግሊዝኛው የኦስትሪያ ቃና አለው። ወዳጁን ሱቦታይን የተጫወተው ጄሪ ሎፔዝ የባሕር ሞገድ ላይ ተንሸራታች ስፖርተኛ፣ ቫሌሪያን የተጫወተችው ሳንዳል በርግማን ደግሞ ዳንሰኛ ነበረች። ዳይሬክተሩ ጆን ሚሊየስ ለሦስቱ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ ልምድ ያላቸውን ጄምስ አርል ጆንስንና ማክስ ቮን ሲዶውን በዙሪያቸው አቆመ። ሃያሲያኑ ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ትወናው ደረቅ ነው፣ ጭካኔው በዝቷል አሉ። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች የሚያብጠለጥለው የጎልደን ራዝቤሪ ሽልማት ሽዋርዜኔገርን በመጥፎ ተዋናይነት አጨው። በርግማን ግን በዚያው ሥራዋ በአዲስ ተዋናይትነት ጎልደን ግሎብ ተሸለመች። ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ፊልም በአሜሪካ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ አስገባ። የትኬት ገቢ የጥበብ ማስረጃ ስላልሆነ በዚህ አልሟገትም፤ ብዙ ሕዝብ ያየው ነገር ግን ለብለብ ተደርጎ መታለፍ እንደማይገባው ያሳያል።

ዋናው ስህተት መለኪያው ላይ ነው። ፊልሙን በምልልስ ከለካነው ባዶ ነው። ግን ይህ ፊልም በምልልስ አይናገርም። ዋናው ገጸ ባሕርይ አድጎ የመጀመሪያ ቃሉን እስኪናገር ድረስ ከሩብ ሰዓት በላይ ያልፋል፤ እስከዚያ ታሪኩን የሚሸከሙት ምስሉና የባሲል ፖሌዱሪስ ሙዚቃ ናቸው። ሚሊየስ የፈለገው እንደ ኦፔራ ያለ ነገር ስለነበር ፖሌዱሪስ ለትልቅ ኦርኬስትራና ለመዘምራን ጻፈለት፤ ቀረጻውም ሮም ላይ ተካሄደ። ከእናቱ ሞት በኋላ የሚመጣውን የመከራ መዘውር ማየት ይበቃል። በባርነት የተሸጡ ሕፃናት በአንድ ግዙፍ መዘውር ዙሪያ ታስረው ይገፋሉ። ወቅቱ ይቀያየራል፤ በረዶ ይወርዳል፤ ፀሐይ ይወጣል። የሚገፉት ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ የጎደሉት የት እንደደረሱ ማንም አይነግረንም። ሙዚቃው ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይከብዳል። ካሜራው እግሮቹን ያሳየናል፤ የሕፃን እግር የጎልማሳ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻውን መዘውሩን እየገፋ ቀና ይላል፤ ያ ፊት የሽዋርዜኔገር ነው። በዚህች ቅጽበት የጡንቻው ትርጉም ይለወጣል። በሌላ ፊልም ውስጥ የሚያምር ገላ የነበረው፣ እዚህ የባርነት ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ይህን ሐሳብ በቃል ለማስረዳት ብዙ ገጽ ያስፈልግ ነበር፤ ፊልሙ ግን ያለ አንድ ቃል ጨርሶታል። ሰውየው መናገር አይችልም ብሎ የተቸ ሃያሲ፣ ማንም ያላናገረው ልጅ እንዴት ንግግር ሊማር ይችል እንደነበር አልጠየቀም።

ፊልሙ ሐሳብ የለውም የሚለውም ክስ አይጸናም። መጀመሪያ ላይ አንጥረኛው አባት ልጁን ተራራ ላይ ይዞት ወጥቶ የብረትን ምስጢር ይነግረዋል። ሰውን አትመን፣ ሴትን አትመን፣ አውሬን አትመን፤ ብረትን ግን እመን ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ያው አባት ብረት በእጁ ይዞ ይሞታል። ከዓመታት በኋላ የእናቱ ገዳይ ቱልሳ ዱም ኮናንን ማርኮ ሌላ ትምህርት ይሰጠዋል። ገደል አፋፍ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ቀና ብሎ ያይና ወደኔ ነይ ይላታል። ልጅቷ እየተረጋጋች ትራመዳለች፤ ከገደሉም ትወድቃለች። ብረት ምንም አይደለም፤ ኃይል ማለት ሰይፉን የያዘውን ሥጋ የሚያዝዝ ፈቃድ ነው ማለቱ ነው። አንደኛው አባት በመሣሪያ እመን አለ፣ ሁለተኛው ሰውን በመግዛት። ልጁ በሁለቱም መካከል ቆሞ ሦስተኛ መልስ ይፈልጋል፤ ፊልሙም መልሱን አፍ አውጥቶ አይናገርም። አንድ ሥራ ጥያቄ አንሥቶ በታሪኩ አካል ውስጥ ካንከባለለው፣ ቂል ነው ለማለት ቢያንስ ጥያቄውን መጥቀስ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ከሃያሲያኑ መካከል ፊልሙን ከልብ ያየው የቺካጎ ሰን ታይምሱ ሮጀር ኢበርት ነበር። ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጠው፤ ለጎረምሳ ምናብ የሚስማማ ሥራ እንደሆነ ጻፈ። ግን በዚያው ጽሑፍ፣ ፊልሙን ያጣጣሉት ብዙዎቹ ያልደረሱበትን ከባድ ክስ አነሣ። በመጨረሻው ትዕይንት ነጩ ኃያል የጥቁሩን ሰው፣ የቱልሳ ዱምን፣ ራስ ቆርጦ በደረጃው ቁልቁል ሲወረውር፣ ኢበርት የታየው የናዚ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ትዕይንቱን ለሂትለር ፊልም ትሠራ የነበረችው ሌኒ ሪፈንስታል ልትሠራው፣ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስም ሊያጨበጭብለት ይችል እንደነበር ጻፈ። ልብ በሉ፤ ይህን ያየው ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ነው። ፊልሙ ኃይል እንዳለው ስላመነ ኃይሉ ወዴት እንደሚያመራ ጠየቀ። ቂል ነው ብሎ ያለፈው ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሣበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቂል ነገር አደገኛ አይመስልማ። የናቁት ያስረግዛል የሚለው ያገራችን ሰው ይህንኑ ነው የሚለው።

የኢበርትን ክስ ይዘን ስንቀጥል ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሃዋርድ በጻፈበት ዘመንና አገር የነበረው የዘር ንቀት በድርሰቶቹ ውስጥ በግልጽ አለ፤ ፊልሙ ይህን ውርስ ሙሉ በሙሉ አላራገፈም። ሆኖም ጄምስ አርል ጆንስ ቱልሳ ዱምን የተጫወተው እንደ ጭራቅ አይደለም። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዓይኑ ሐዘን ያረበበበት፣ ሲያዝዝም አባት የሚመክር የሚመስል ሰው ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የሚያሳምንም እሱ ነው። ተከታዮቹ ደግሞ አብዛኞቹ ነጭ ወጣቶች ናቸው፤ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ ፈቃዳቸውን አስረክበው ይከተሉታል። የ1982 ተመልካች በ1978 ጆንስታውን ላይ ከ900 በላይ ሰዎች በአንድ ሰባኪ ትእዛዝ ማለቃቸውን አልረሳም። እዚህ ላይ ፊልሙ የሚያስጠነቅቀው በዓይን ስለሚገዛ መሪና ስለሚከተለው ሕዝብ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ከዚያ መሪ የሚያድነን ብሎ የሚያቀርብልን ሌላ ኃያል ሰው ነው፤ እኛም በዓይናችን እንድንከተለው ይጋብዘናል። በእኔ ግምት የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ከዘሩ ጥያቄም ጋር የተጣበቀ ነው። ሌላም አለ። ኮናን በመድረክ እየታገለ ለጌታው ገንዘብ በሚያስገባበት ጊዜ፣ እንደ ከብት ዘር እንዲተካ አንዲት ባሪያ ልጅ ወደ ማደሪያው ትጣላለች። ትፈራለች። እሱ ልብስ ደርቦ ይሸፍናታል፤ የርኅራኄ ምልክት ይመስላል። ከዚያ ፊልሙ ይተዋታል፤ ስም የላት፣ ዕጣ የላት። የባርነትን ክፋት በመዘውሩ ያን ያህል ያሳየ ሥራ እዚህ ላይ የባሪያዋን ፊት ለማየት ሁለት ደቂቃ አልሰጠም። ጠንካራ ሂስ ቢኖር የሚቆፍረው ይህን ነበር።

አንተ ያልነበረ ነገር ታነብበታለህ፤ ሚሊየስ የሠራው የሰይፍ ፍልሚያ ነው የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከእሱ በኋላ የመጡት የኮናን ፊልሞች ራሳቸው ይሰጡታል። በ1984 «ኮናን ዘ ዲስትሮየር» መጣ። ያው ሽዋርዜኔገር፣ ያው ፖሌዱሪስ፤ ዳይሬክተሩ ግን ሪቻርድ ፍላይሸር ሆነ፤ ደሙ ቀነሰ፣ ቀልዱ በዛ፣ ለልጆችም እንዲሆን ተለሰለሰ። በአሜሪካ ያስገባው ከመጀመሪያው አነሰ፤ ዛሬም የሚታወሰው እንደ ታናሽ ወንድም ነው። በ2011 ደግሞ ጄሰን ሞሞአን ይዞ አዲስ «ኮናን ዘ ባርባሪያን» ተሠራ። ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ኮምፒዩተሩ አለ፣ ሰይፉ አለ፣ ዋናው ተዋናይ ከሽዋርዜኔገር ይልቅ አንደበቱ የተፈታ ነው። ወጪውን ሳይመልስ ከሰረ፤ ሃያሲያንም አልወደዱትም። የመጀመሪያው ፊልም ጡንቻና ሰይፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጡንቻና ሰይፍ የጨመረ ሁሉ ይደግመው ነበር። ያልተደገመው መዘውሩ፣ ዝምታው፣ የእናትየዋ እጅ ነው፤ ማለትም ሃያሲያኑ ሊያዩት ያልፈለጉት ክፍል።

ሌላው ተቃውሞ ናፍቆት ነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያወድሱት በልጅነታቸው ያዩት ናቸው፤ የሚያወድሱት ልጅነታቸውን ነው ይባላል። እውነት አለበት፤ ናፍቆት ብዙ ተራ ሥራ ያስጌጣል። ነገር ግን በዚያው በ1982 «ዘ ሶርድ ኤንድ ዘ ሶርሰረር» እና «ዘ ቢስትማስተር» ታይተዋል። የመጀመሪያው በትንሽ ወጪ ተሠርቶ ብዙ ገንዘብ አስገብቷል፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ለዓመታት ተመላልሶ ልጆች በብዛት አይተውታል። ሁለቱም ወዳጆች አሏቸው። ነገር ግን ማንም ስለ ኃይል ምንነት ለመከራከር ወደ እነሱ አይመለስም። ናፍቆት ሦስቱንም እኩል ነክቷል፤ ክርክሩን የሚቀሰቅሰው ግን አንዱ ነው። የፖሌዱሪስንም ሙዚቃ እንዲሁ ማየት ይቻላል። አቀናባሪው በጁላይ 2006፣ በጠና ታሞ ሳለ፣ ኡቤዳ በምትባለው የስፔን ከተማ ቆሞ ይህንኑ ሙዚቃ በራሱ እጅ አስጫወተ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፈ። ለሙዚቃው የተሰበሰበው አድማጭ በልጅነት ትዝታ ብቻ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል። የ1982 በጋ ደግሞ ለሃያሲያን ጥሩ ምስክር አይደለም፤ «ብሌድ ራነር»ና «ዘ ቲንግ» በጁን ወር በአንድ ቀን ወጥተው ሁለቱም በጊዜው ብዙ ተነቅፈዋል፤ ዛሬ ሁለቱም የፊልም ተማሪ የሚያጠናቸው ሥራዎች ናቸው።

ሃያሲ ጊዜውም ገጹም ውሱን ነው፤ እያንዳንዱን የፍልሚያ ፊልም እንደ ትልቅ ድርሰት ሊቆፍር አይችልም የሚለውን እቀበላለሁ። ሁሉም ይቆፈር አላልኩም። ግን የሚቆፈረውን ከማይቆፈረው የሚለየው ምንድን ነው? የድርሰት ዘውጉ ስም ከሆነ ችግር አለ። ዘንዶ ገድሎ የሚነግሥ ሰው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአክሱም ትውፊት ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረውን አርዌን ገድሎ የነገሠው አንጋቦ ይነገርለታል፤ ያንን ትውፊት የሚያጠና ሰው ሥልጣን ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ያነብበታል እንጂ የልጆች ተረት ብሎ አይጥለውም። ቱልሳ ዱምም የእባብ አምልኮ መሪ ነው፤ ራሱም እባብ ይሆናል፤ የገደለውም ይነግሣል። ታሪኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ በብራና ስለመጣ ቁም ነገር፣ ሌላው በርካሽ ወረቀት ስለመጣ ቀልድ ሊሆን አይገባም።

ንቀቱ ዛሬ መልኩን ቀይሯል እንጂ አልጠፋም። በ2023 የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፦ ኦነር አመንግ ቲቭስ» ከሃያሲያን ጥሩ አቀባበል አግኝቷል፤ የሚገባውም ነው። ግን ሲመሰገን ጎልቶ የሚነሣው ቀልዱ ነው። ሰይፍና አስማት እየሳቀ ከመጣ በሩ ይከፈትለታል። ኮናን አይስቅም ማለት አይደለም፤ ሰክሮ ግመል በቡጢ የሚጥልበት ትዕይንት አለ። የማያደርገው በራሱ ታሪክ ላይ መሳቅ ነው፤ ተመልካቹን በአስማት ስላመንኩ ይቅርታ አይልም። «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ም አይልም፤ ሦስተኛው ክፍል በ2004 አሥራ አንድ ኦስካር ሲወስድ ግን የዩኒቨርሲቲ መምህር የጻፈው መጽሐፍ ከጀርባው ነበር። ከርካሹ መጽሔት የመጣው ልጅ እንዲህ ያለ ዋስ አልነበረውም።

ኢበርት ወደጠቆመው ትዕይንት ልመለስ። ቱልሳ ዱም ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ ኮናንን ልክ እናቱን እንዳየ ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ አባትህ እኔ ነኝ፣ የመኖር ፈቃድህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ ይለዋል። ኮናን ለአፍታ ይፈዝዛል። ከዚያ በተሰበረው የአባቱ ሰይፍ ይገድለዋል። ተከታዮቹ አይጮኹም፣ አይበቀሉም። ችቦአቸውን አንድ በአንድ ውኃው ውስጥ እየነከሩ ያጠፋሉ፤ ወደ ጨለማው ይበተናሉ። ኮናን ደረጃው ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ካሜራውም አብሮት ይቆያል። ድል አይመስልም። እናቱ የሞተችበት ሰይፍ በእጁ ነው፣ ተሰብሯል፤ የሁለቱም አባቶች ትምህርት አብቅቷል። ቤተ መቅደሱን ካቃጠለ በኋላ ፊልሙ ወደፊት ዘልሎ በዕድሜ የገፋ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተክዞ ተቀምጦ ያሳየናል። ከደረጃው እስከ ዙፋኑ እንዴት እንደደረሰ፣ ዙፋኑ ላይ ሲወጣስ እነዚያ ችቦአቸውን ያጠፉት ሰዎች የት እንደነበሩ ፊልሙ አይነግረንም።